ኦቶ የስፐርሰን፤ በባዕድ ቋንቋ መምህር የሆነ ሊቅ

ቋንቋ ከእናት ጡት ጋራ እንደሚጠባ የማያውቅ የለም። ሰው በእናቱ ጉልበት ላይ ሆኖ የለመደውን ያህል በአንደበቱ የሚቀናው ሌላ ቋንቋ አይኖረውም። ከዚህ እውነት ተነሥተው ግን ብዙዎች ሌላ ነገር ይደመድማሉ፤ ይኸውም አንድን ቋንቋ ለማስተማር የሚገባው በዚያ ቋንቋ የተወለደ ሰው ብቻ ነው የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ ትምህርት ረገድ ይህ አሳብ ከአሳብነት አልፎ የቅጥር ደንብ እስከ መሆን ደርሷል። በልዩ ልዩ አገሮች የእንግሊዝኛ አስተማሪ የሚሹ ተማሪ ቤቶች ማስታወቂያ ሲያወጡ ከአመልካቹ ዕውቀትና የማስተማር ልምድ አስቀድመው የትውልድ አገሩን ወይም የፓስፖርቱን ዓይነት የሚጠይቁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቋንቋውን በብዙ ድካም ተምሮ፣ የማስተማርንም ሙያ አጥንቶ የመጣው ሰው በበሩ ላይ ሲመለስ፣ ከመወለዱ በቀር ሌላ ዝግጅት የሌለው ሰው ይገባል።

ይህን ደንብ በሚዛን ላይ ለማኖር የሚፈልግ አስተማሪ የአንድ ዴንማርካዊ መምህርን ሕይወት ቢመለከት ብዙ ይጠቀማል። ይህ ሰው ኦቶ የስፐርሰን ይባላል። የእንግሊዝኛን ሰዋስው ካጠኑት ሁሉ ስሙ ከፊተኞቹ ረድፍ የሚጠራው ይህ ሊቅ በእንግሊዝ አገር አልተወለደም፤ እናቱም አባቱም እንግሊዛውያን አልነበሩም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦቶ የስፐርሰን ጁላይ 16 ቀን 1860 ዓ.ም. ራንደርስ በምትባል የዴንማርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ የአውራጃ ዳኛ ነበር፤ አያቱና ቅድመ አያቱም በሕግ ሥራ የኖሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ልጁም የእነርሱን ፈለግ ይከተላል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን ገና በልጅነቱ አባቱ ሞተ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እናቱም ተከተለች። ወላጅ አልባ የሆነው ልጅ በዘመዶቹ እጅ ሆኖ ትምህርቱን ቀጠለ። በዚያ ወራት ልቡን የማረከው የአገሩ ልጅ የሆነው የታላቁ የቋንቋ ሊቅ የራስሙስ ራስክ ታሪክ ነበር። ራስክ ከድኻ ቤት ወጥቶ ብዙ ቋንቋዎችን በራሱ ጥረት የተማረና የቋንቋዎችን ዝምድና ከመረመሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ የሆነ ሰው ነው። ልጁ የስፐርሰንም የራስክን የሰዋስው መጻሕፍት እየገለጠ አይስላንድኛንና ኢጣሊያንኛን፣ ስፓንኛንም ያለ አስተማሪ ማጥናት ጀመረ። የሰው አገር ቋንቋ በትጋት ሊያዝ እንደሚችል በራሱ ላይ የፈተነው ያን ጊዜ ነው።

በ1877 ዓ.ም. ወደ ኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንደ አባቶቹ ልማድ ሕግ መማር ያዘ። ሆኖም የሌሎችን አስተያየት በቃል እየሸመደዱ ለፈተና መቅረብ ለጠባዩ የማይስማማ ሆነበት። አራት ዓመት ከደከመ በኋላ በ1881 ዓ.ም. ሕጉን ትቶ ፊቱን ወደ ቋንቋዎች መለሰ። ዕለት እንጀራውን ለማግኘት በአንድ ወገን በተማሪ ቤት ያስተምር ነበር፤ በሌላው ወገን በዴንማርክ ምክር ቤት ውስጥ የተናጋሪዎችን ቃል እየሰማ በአጭር ጽሕፈት የሚጽፍ ጸሓፊ ነበር። ሁለቱም ሥራዎች ለኋላ ዘመኑ ጠቀሙት። በምክር ቤቱ ሰው እንዴት እንደሚናገር በጆሮው መከታተልን ለመደ፤ በተማሪ ቤቱም ተማሪ እንዴት እንደሚማርና ምን እንደሚያስቸግረው በዓይኑ አየ። በ1887 ዓ.ም. ፈረንሳይኛን ዋና፣ እንግሊዝኛንና ላቲንን ተጨማሪ ትምህርት አድርጎ የማስተርስ ፈተናውን አለፈ።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ ተማሪ ቤቶች ሕያዋን ቋንቋዎች እንደ ሙታን ቋንቋዎች ይሰጡ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተማሪው የሰዋስው ደንብ በቃሉ ያጠናል፤ ከዚያ በኋላ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ዐረፍተ ነገሮችን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲመልስ ይውላል። በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት የተማረ ልጅ ከባሕር ማዶ ከመጣ ሰው ጋራ ሰላምታ መለዋወጥ ይሳነዋል። ይህን ልማድ ለመስበር ከተነሡት መካከል ቪልሄልም ፊኤቶር የሚባል ጀርመናዊ በ1882 ዓ.ም. ስሙን ሠውሮ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። እርሱን ተከትሎ ፌሊክስ ፍራንከ የሚባል ሌላ ወጣት ጀርመናዊ በ1884 ዓ.ም. ስለ ቋንቋ ትምህርት አጭር ጽሑፍ አወጣ። የስፐርሰን ይህን ጽሑፍ እንዳነበበ ለደራሲው ደብዳቤ ላከ፤ በዚያው ዓመትም ወደ ዴንማርክኛ ተረጐመው።

ሁለቱ ወጣቶች በአንድ ዓመት የተወለዱ እኩዮች ነበሩ። ፍራንከ የሳንባ ሕመምተኛ ስለ ነበረ ከቤቱ ርቆ መሄድ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ወዳጅነታቸው በደብዳቤ ብቻ ቀረ። በ1886 ዓ.ም. ፍራንከ ሲሞት የስፐርሰን መልኩን በዓይኑ ሳያይ የቅርብ ወዳጁን አጣ። የስፐርሰን በዕድሜው ሁሉ ከዚህ ሰው ያገኘውን ትምህርት ሲያስታውስ ኖሯል። እንግሊዝ አገር ያልተወለዱት እነዚህ ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ በሕመም አልጋው ላይ፣ ሌላው በተማሪ ቤት ሥራው መካከል ሆነው፣ የባዕድ ቋንቋ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣና ለልጅ እንዴት እንደሚሰጥ ይመካከሩ ነበር።

በዚያው በ1886 ዓ.ም. የስፐርሰን ከኖርዌያዊው ከአውጉስት ቬስተርንና ከስዊድናዊው ከሉንዴል ጋራ ሆኖ የሕያዋን ቋንቋዎችን ትምህርት ለማሻሻል የሚሠራ የስካንዲናቪያ አስተማሪዎች ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩም ስም ፊኤቶር ስሙን ከሠወረበት ከላቲኑ የብዕር ስም የተወሰደ ነበር። ዓላማቸው ግልጽ ነው፤ ትምህርቱ ከሚነገረው ቋንቋ እንዲጀምር፣ የድምፅ አወጣጥ በሥርዓት እንዲሰጥ፣ ንባቡ ትርጉም ያለው ተያያዥ ታሪክ እንዲሆን፣ ሰዋስውም ከንባቡ እየተለቀመ እንዲመጣ ነው። በዚያው ዓመት የስፐርሰን በፓሪስ ለሚኖረው ለፖል ፓሲ ጽፎ ለቋንቋዎች ሁሉ የሚያገለግል አንድ የድምፅ ፊደል እንዲዘጋጅ አሳብ አቀረበ። ዛሬ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ከእንግሊዝኛው ቃል አጠገብ የሚታየው ዓለም አቀፍ የድምፅ ምልክት ከዚህ እንቅስቃሴ የተገኘ ነው።

በ1887ና በ1888 ዓ.ም. የስፐርሰን ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ጀርመን ተጓዘ። በእንግሊዝ ሄንሪ ስዊትን አገኘ፤ ስዊት በዘመኑ የእንግሊዝኛን ድምፅ ከማንም አብልጦ የመረመረ ሊቅ ነበር። በፓሪስ ከፓሲ ጋራ ተገናኘ፤ በበርሊንም ጥንታዊውን እንግሊዝኛ ለጥቂት ጊዜ አጠና። በጀርመን ሳለ ከኮፐንሀገን ከመምህሩ ከቪልሄልም ቶምሰን ምክር ደረሰው። በኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር የሆኑት ሰው አርጅተዋልና መንበሩ ከጥቂት ዓመት በኋላ ባዶ መሆኑ አይቀርም፤ ስለዚህ ፈረንሳይኛውን ትቶ ሙሉ ኃይሉን በእንግሊዝኛ ላይ እንዲያውል መከረው። የስፐርሰንም ምክሩን ተቀብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1891 ዓ.ም. ስለ እንግሊዝኛ የስምና የተውላጠ ስም ሙያዎች በጻፈው ድርሰት የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ።

በዚያ መንበር ላይ የተቀመጡት አዛውንት ጆርጅ ስቲቨንስ እንግሊዛዊ ነበሩ። በ1813 ዓ.ም. በሊቨርፑል ተወልደው በወጣትነታቸው ወደ ስዊድን የተሻገሩ፣ ከዚያም በ1855 ዓ.ም. በኮፐንሀገን ፕሮፌሰር የሆኑ ሰው ናቸው። ስቲቨንስ ትጉህ ሊቅ ነበሩ፤ በሰሜን አውሮፓ ድንጋዮች ላይ የተቀረጹትን ሩን የሚባሉ ጥንታውያን ጽሕፈቶች ሰብስበው በታላላቅ መጻሕፍት አሳትመዋል። ሆኖም ልባቸው ያለው በጥንቱ ቅርስ ላይ ነበር። ለዴንማርክ ተማሪ ቤቶች የሚሆኑ የእንግሊዝኛ አስተማሪዎችን የማሠልጠን፣ የዕለቱን ቋንቋ ድምፅና አገባብ የመመርመር ሥራ ሌላ ሰው ይጠብቅ ነበር። በ1893 ዓ.ም. ስቲቨንስ ከሥራ ሲሰናበቱ ዩኒቨርሲቲው አንድ ጥያቄ ቀረበለት፤ በእንግሊዛዊው እግር ማን ይተካ?

ከውጭ ለሚመለከት ሰው መልሱ ቀላል መስሎ ይታያል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የእንግሊዝኛን መንበር የያዘው በቋንቋው የተወለደ ሰው ነበርና ሌላ እንግሊዛዊ ከባሕር ማዶ መጥራት ይቻል ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን ሠላሳ ሦስት ዓመት ያልሞላውን ዴንማርካዊ መረጠ። ዘዬው የለንደን ሰው ዘዬ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። የመረጡት ሰዎች የተመለከቱት ግን የሠራውን ነው፤ ድርሰቱን፣ የድምፅ ጥናቱን፣ በተማሪ ቤት ያሳለፋቸውን ዓመታት፣ ስለ ማስተማር ዘዴ ያደረገውንም ትግል። የስፐርሰን መንበሩን ከ1893 እስከ 1925 ዓ.ም. ለሠላሳ ሁለት ዓመት ያዘ፤ በ1920ና በ1921 ዓ.ም. መካከልም የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሆነ።

የዚያ ምርጫ ፍሬ ምን እንደ ነበረ መጻሕፍቱ ይመሰክራሉ። በ1901 ዓ.ም. በዴንማርክኛ፣ በ1904 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ የታተመው ስለ ባዕድ ቋንቋ አስተማመር የጻፈው መጽሐፍ የብዙ አስተማሪዎች መመሪያ ሆኖ ኖሯል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የስፐርሰን ተማሪ ያለ ትርጉም የተደረደሩ ዐረፍተ ነገሮችን እንዲያኝክ የሚያደርገውን ልማድ ይነቅፋል፤ ተማሪው ከመጀመሪያ ቀን አንሥቶ አንድ ነገር የሚነግረውን ቋንቋ እንዲያገኝ ይጠይቃል። ስለ ድምፅ ትምህርት ያቀረበው ምክንያት በተለይ የሚታሰብበት ነው። መምህሩ በተማሪው ፊት ቆሞ ቃሉን በጥራት ደጋግሞ ቢናገር ብቻውን አይበቃም፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች የሚሰሙት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጆሮ ነውና። ምላስ የት እንደሚያርፍ፣ ከንፈር እንዴት እንደሚሞጠሙጥ፣ ትንፋሽ በየት እንደሚወጣ የሚያስረዳ መምህር ያስፈልጋል።

ይህን ነገር አማርኛ ተናጋሪ በራሱ ቋንቋ ሊፈትነው ይችላል። አንድ የውጭ አገር ሰው አለ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ተናገረ፣ ሌላ ጊዜ ይገኛል ማለት የሚሆነው እንዴት ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ያልተማረው ባላገር ሁለቱን ሳይሳሳት እየተናገረ ልዩነቱን ማስረዳት ግን ያቅተዋል። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ የሚያሳየው በጉዳዩ ላይ ያሰበ ሰው ነው። በእንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው ልጅ ድመቶችን ካትስ ሲል በስ፣ ውሾችን ዶግዝ ሲል በዝ ይጨርሳል፤ ሁለቱም በአንድ ፊደል እየተጻፉ ለምን እንደሚለያዩ ግን ሰምቶ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። የስፐርሰን ግን ይህን ሁሉ በድካም ስለ ተማረው፣ ሌላው ተማሪ የሚሰናከልበትን ድንጋይ አንድ በአንድ ያውቀው ነበር።

በ1905 ዓ.ም. ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ዕድገትና አቋም የጻፈው መጽሐፍ ወጣ፤ በሚከተለው ዓመትም በፈረንሳይ የሊቃውንት ጉባኤ የሚሰጠውን የቮልኔ ሽልማት አገኘበት። ይህ መጽሐፍ በእንግሊዝና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች እጅ ለብዙ ዓመታት ሳይጠፋ ኖሯል፤ እንግሊዛውያን የቋንቋቸውን ታሪክ ከዴንማርካዊ ተማሩ ማለት ነው። ከዚያም በ1909 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ ሥራው የሆነው የዘመናዊ እንግሊዝኛ ሰዋስው የመጀመሪያው ክፍል ታተመ። ለዚህ ሥራ የስፐርሰን ከእንግሊዝኛ መጻሕፍትና ጋዜጦች በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ምሳሌዎችን በቁራጭ ወረቀት ላይ እየቀዳ ሰብስቦ ነበር። ደንብ አውጥቶ ቋንቋውን በደንቡ ከመፍረድ ይልቅ ቋንቋው በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ከምሳሌዎቹ ማየትን መረጠ።

በዚያ በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ለእንግሊዝኛ አስተማሪ ሁሉ የሚጠቅም አንድ ነገር ይገኛል። እንግሊዝኛ እንደሚጻፍ አይነበብም ብሎ የማያማርር ተማሪ የለም። ከአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት በኋላ የእንግሊዝኛ ረጃጅም አናባቢዎች በሙሉ ቦታቸውን ለቀው ተንቀሳቅሰዋል። በጥንቱ ባለ ቅኔ በቾሰር ዘመን ቲመ ይባል የነበረው ቃል ዛሬ ታይም ተብሏል፤ ሁስ የነበረው ሃውስ፣ ናመ የነበረው ኔይም፣ ፌት የነበረው ፊት፣ ሞን የነበረው ሙን ሆኗል። ይህ ለውጥ ሳይፈጸም የኅትመት መኪና በ1476 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ገባና አጻጻፉ ባለበት እየጸና ሄደ፤ አነጋገሩ ግን ጉዞውን ቀጠለ። የስፐርሰን እነዚህ ለውጦች ተለያይተው የሚታዩ ሳይሆኑ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ መሆናቸውን አሳይቶ ታላቁ የአናባቢ ለውጥ የሚለውን ስም ሰጣቸው። ዛሬም በእንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀር ነገሩ የሚጠራው ይህ ዴንማርካዊ ባወጣለት ስም ነው።

በ1909 ዓ.ም. የስፐርሰን ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እስከ ሚቀጥለው ዓመት ድረስ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በኋላም በ1922 ዓ.ም. ስለ ቋንቋ ጠባይና አመጣጥ፣ በ1924 ዓ.ም. ስለ ሰዋስው ፍልስፍና፣ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ለተማሪዎች የሚሆን አንድ ጥራዝ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አወጣ። በዚህም ሁሉ መካከል ለሕዝቦች መግባቢያ የሚሆን ኖቪያል የሚባል ቋንቋ ፈጥሮ በ1928 ዓ.ም. አቀረበ፤ ቋንቋው ባይስፋፋም ደራሲው እንግሊዝኛን ቢወድድም እንዳላመለከው ያሳያል።

ስለ የስፐርሰን የሚጽፍ ሰው ሁለት ነገሮችን ሊሰውር አይገባውም። አንደኛው፣ የስፐርሰን በቋንቋው የተወለዱትን ሰዎች ዕርዳታ ንቆ አያውቅም። ከስዊት ተምሯል፤ በእንግሊዝኛ የጻፋቸውን መጻሕፍት ከመታተማቸው በፊት ለእንግሊዛዊ ሊቅ ወዳጁ እየሰጠ ያስመለክት ነበር። እንግሊዛዊው ስለ አባባሉ ለዛ ሲመክረው፣ እርሱ ስለ ቋንቋው ሥርዓት ለእንግሊዛውያን ያስተምር ነበር። በዚህ መደጋገፍ ማንም አልተዋረደበትም። ሁለተኛው፣ በ1922ቱ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሴቶች አነጋገር የጻፈው ምዕራፍ ከኋላ የመጡ ሊቃውንት የነቀፉት ነው፤ የሴቶችን ቋንቋ በበቂ ማስረጃ ሳይሆን በዘመኑ ግምት መዝኖ ከወንዶች ዝቅ አድርጎታል። በትውልዱ ሳይሆን በሥራው ተመዝኖ መንበር ያገኘው ሰው ሌሎችን በተፈጥሯቸው መመዘኑ ያሳዝናል። እንዲህ ያለው ሚዛን ሊቁንም ሳይቀር የሚያሳስት መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ትውልድ ብቻውን የማይረዳ መሆኑን የስዊት ዕጣ ይናገራል። ስዊት እንግሊዛዊ ነበረ፤ የእንግሊዝኛን ድምፅ በማወቅ አቻ አልነበረውም። በአገሩ በኦክስፎርድ ግን የተመኘውን የፕሮፌሰርነት መንበር ሳያገኝ ኖሮ፣ በ1901 ዓ.ም. የድምፅ ጥናት አንባቢነት ብቻ ተሰጠው። ዴንማርክ በእንግሊዛዊ ፈንታ የአገሯን ልጅ በዕውቀቱ ስትሾም፣ እንግሊዝ የራሷን ልጅ ዕውቀት በሚገባው ቦታ ሳታኖር ቀረች። ቀጣሪው ዕውቀትን መመዘን ካላወቀ የአገር ልጅነትም የባዕድነትም ፋይዳ የለውም።

በኤፕሪል 1940 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ዴንማርክን ያዘ። የስፐርሰን ያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ጀርመንና እንግሊዝ በጦርነት ላይ ሳሉ፣ በተያዘችው አገር ውስጥ ሽማግሌው መምህር የእንግሊዝኛን ሰዋስው መጻፉን ቀጠለ። አምስተኛው ክፍል በ1940 ዓ.ም.፣ ስድስተኛው ክፍል በተማሪዎቹ ዕርዳታ በ1942 ዓ.ም. ታተመ። ሰባተኛውን ሳይፈጽም ኤፕሪል 30 ቀን 1943 ዓ.ም. በሮስኪልድ ከተማ ሞተ። ተማሪው ኒልስ ሃይስሉንድ የመምህሩን ወረቀቶች አሰናድቶ የመጨረሻውን ክፍል በ1949 ዓ.ም. አሳተመው። በዴንማርክ የተጀመረው የእንግሊዝኛ ሰዋስው በዴንማርክ ተፈጸመ።

የስፐርሰን በሞተ በአሥራ ስምንተኛው ዓመት፣ በጃኑዋሪ 1961 ዓ.ም. በኡጋንዳ በማከሬሬ ኮሌጅ የኮመንዌልዝ አገሮች ስለ እንግሊዝኛ አስተማመር ታላቅ ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው ነጻነታቸውን በሚቀዳጁት አገሮች እንግሊዝኛ እንዴት እንዲሰጥ የሚመክር ነበርና ተጽዕኖው በምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ ተሰማ። በዚያ ዘመን ከጸኑት አሳቦች አንዱ የተሻለው የእንግሊዝኛ አስተማሪ በቋንቋው የተወለደው ነው የሚለው ነበር። በ1992 ዓ.ም. ሮበርት ፊሊፕሰን የተባለ እንግሊዛዊ የዚህን ጉባኤ አሳቦች መርምሮ ይህ እምነት ማስረጃ የሌለው ስሕተት መሆኑን በመጽሐፉ አስረዳ። ፊሊፕሰን ያን ጊዜ የሚያስተምረው በዴንማርክ፣ የስፐርሰን በሞተባት በሮስኪልድ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ፒተር ሜድጄሽ የሚባል የሀንጋሪ መምህር በቋንቋው ያልተወለደ አስተማሪ ስላለው ድካምና ስላለው ብርታት ሰፊ መጽሐፍ ጻፈ፤ ራሱ ተማሪ የነበረ አስተማሪ የተማሪውን ችግር አስቀድሞ እንደሚያይ፣ በቋንቋው ለመድረስ እንደሚቻልም በራሱ ምሳሌ እንደሚሆን ገለጠ። ማዕከሉ በአሜሪካ የሆነው የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበርም በ1991 ዓ.ም.፣ በኋላም በ2006 ዓ.ም. አስተማሪን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ምክንያት ከቅጥር መከልከልን የሚቃወም መግለጫ አወጣ። ሆኖም መግለጫው ከወጣ በኋላም አሮጌው ማስታወቂያ ከየአገሩ አልጠፋም።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ አስተማሪ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ኖሯል፤ ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት በየጠቅላይ ግዛቱ ተማሪ ቤቶች ከደከሙት የውጭ አገር መምህራን መካከል ከሕንድ የመጡት ብዙዎች ነበሩ፤ ለአብዛኞቹም እንግሊዝኛ በተማሪ ቤት የተማሩት ቋንቋ ነበር። ዛሬ በከተማም በገጠርም በኢትዮጵያ ክፍሎች እንግሊዝኛን የሚያስተምሩት ከሞላ ጐደል ሁሉም ኢትዮጵያውያን ናቸው። እነዚህ መምህራን ራሳቸውን ለጊዜው እንደ ተቀመጠ ምትክ አድርገው የሚቈጥሩ ከሆነ፣ ተማሪዎቻቸውም ቋንቋው ፈጽሞ የማይደረስበት የሰው ገንዘብ ነው ብለው ያምናሉ።

ከየስፐርሰን ሕይወት የሚወሰደው ትምህርት ግን ለስንፍና መከለያ የሚሆን አይደለም። ባዕድ መሆኑ ብቻ መምህር አላደረገውም፤ ሌሊት ከመጻሕፍት ጋራ፣ ቀን ከተማሪዎች ጋራ የደከመው ድካም ነው መምህር ያደረገው። ድምፁን አጣርቶ ያልያዘ፣ መጽሐፍ የማይገልጥ አስተማሪ በትውልዱ ምክንያት ተበደልኩ ቢል አቤቱታው ደካማ ይሆናል። ደግሞም በቋንቋው የተወለደው አስተማሪ ሙያውን ተምሮ ከመጣ ወንድም እንጂ ባላጋራ አይደለም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አስተማሪ የሚመርጥ ሁሉ የኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ በ1893 ዓ.ም. እንዳደረገው አመልካቹ ምን እንደሚያውቅና እንዴት እንደሚያስተምር አስቀድሞ ይጠይቅ። ያን ዓመት መራጮቹ የትውልድ አገርን ብቻ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ፣ ዓለም ሰባቱን የሰዋስው ክፍሎች ባላገኘ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጐዱትም ቋንቋቸው የተመረመረላቸው እንግሊዛውያን ራሳቸው በሆኑ ነበር።